የልብ ወለድን ጉልበት ከእኛ ይልቅ ገዢዎቻችን ያውቁታል

«ልብ ወለድ ምን ያደርጋል? ዳቦ አይሆን!» የሚሉ ሰዎች ያስቁኛል፡፡ ይህን የሚሉት ፊደል ያልቆጠሩት እንዳይመስላችሁ፡፡ ፊደል ያልቆጠረችው አያቴ ተረት ሲነገር እንዝርቷን አስቀምጣ ነበር የምታዳምጠው፡፡ ይህን የሚሉት ዲግሪ የጫኑ፣ ከረባት ያሰሩ፣ ቢሮ ያላቸው ሰዎች ናቸው፡፡ አንዱ በቅርቡ ከቦርሳዬ ብቅ ያለ መጽሐፍ አይቶ «አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ እንዴ? ቁም ነገር አታነብም?» አለኝ፡፡ ቁም ነገር ያለው የባለሥልጣን ሪፖርት መሆኑ ነው፡፡ እኔም «ጌታው፣ ልብ ወለድ የሥራ ፈት ነገር ቢሆን ኖሮ መንግሥታት ይህን ያህል ሥራ ባልፈቱለት ነበር» ብዬው አለፍኩ፡፡

ነገሩ ቀልድ አይደለም፡፡ እስኪ አስቡት፡፡ በንጉሡም ሆነ በደርግ ዘመን በዚች አገር የወጣውን ልብ ወለድ ቁጭ ብሎ፣ መስመር በመስመር፣ ቃል በቃል፣ ደመወዝ እየተከፈለው ያነብ የነበረ ማን ነው? ሳንሱር ነው፡፡ መምህሩ ዘሎ ያነብ ይሆናል፡፡ ተማሪው ለፈተና ብሎ ያነብ ይሆናል፡፡ ሳንሱር ግን አይዘልም፡፡ ለሐኪምና ለመምህር የምከፍለው አጣሁ እያለ የሚያለቅስ መንግሥት ልብ ወለድ ለሚያነብለት ሹም ግን ደመወዝ አጥቶ አያውቅም፡፡ ታዲያ ሞኝ ነበር? አልነበረም፡፡ እኛ የዘነጋነውን ነገር እሱ ያውቅ ነበር፡፡ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው ለሚወደው ወይም ለሚፈራው ነው፡፡ ሳንሱር ደግሞ የፍቅር ሥራ አልነበረም፡፡

ከአቤ ጉበኛ እንጀምር፡፡ አቤ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም» የሚል መጽሐፍ አወጣ፡፡ ገና በእናቱ ማኅፀን ያለ ፅንስ፣ ግፍ ወደ ሞላባት ዓለም አልመጣም ብሎ የሚከራከርበት ታሪክ ነው፡፡ መጽሐፉ ታገደ፡፡ እስኪ ዘመኑን አስተውሉት፡፡ የክቡር ዘበኛ ጦር በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ከከሸፈበት ገና ሁለት ዓመት መሆኑ ነው፡፡ መትረየስና ታንክ የያዘ ጦር ያሸነፈ መንግሥት አንድ ያልተወለደ ልጅ አስፈራው! አቤ ጭፍራ አልነበረው፣ ጠመንጃ አልነበረው፡፡ የነበረው እስክርቢቶና ደፋር ልብ ነው፡፡

ከዚያ ቀደም ብሎም፣ መፈንቅለ መንግሥቱ በከሸፈ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ታምሩ ፈይሳ የተባለ ተማሪ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የግጥም ዝግጅት ላይ «ደሃው ይናገራል» የሚል ግጥም አቅርቦ ነበር፡፡ ርዕሱ ብቻውን ይበቃል፡፡ ደሃ በዚያ አዳራሽ ሲነገርለት እንጂ ሲናገር ተሰምቶ አያውቅማ! በየካቲት 1957 ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ሲወጡ፣ ከዚያች ግጥም አራት ዓመት እንኳ አልሞላም፡፡ ግጥሟ ሰልፉን ወለደች አልልም፡፡ ግን ሰው መፈክር ከመጮሁ በፊት መጀመሪያ አንድ ነገር ይሰማዋል፡፡ ያንን የሚያሰማው መፈክር አይደለም፡፡

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፡፡ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፡፡ ደራሲው ክቡር ዶክተር ሀዲስ ዓለማየሁ ከውጭ ሆነው የሚተኩሱ ተቃዋሚ አልነበሩም፡፡ በአምስቱ ዓመት ጠላትን ተዋግተው፣ ተማርከው፣ ጣሊያን አገር ለዓመታት ታስረው የተመለሱ፣ በኋላም የንጉሡ አምባሳደርና ሚኒስትር የሆኑ ትልቅ ሰው ናቸው፡፡ መጽሐፉም ንጉሡ ይውረዱ አይልም፡፡ መሬት ይከፋፈል የሚል አዋጅም አላወጀም፡፡ ያደረገው ምንድን ነው? አንድ የድሃ ገበሬ ልጅ አንዲት የፊታውራሪ ልጅ እንዲወድ አደረገ፡፡ በቃ!

ይህች ነገር ትንሽ ትመስላለች፡፡ ግን ልብ በሉ፡፡ የዘመኑ አንባቢ፣ በተለይ ባለርስቱና የባለርስቱ ልጅ፣ በእውነተኛው ኑሮው የበዛብህ ዓይነቱን ልጅ ደጁ ላይ ቢያየው ቀና ብሎ አያነጋግረውም፡፡ መጽሐፉን ሲከፍት ግን በዛብህን ሆኖ ይቀመጣል፡፡ በበዛብህ ዓይን የፊታውራሪ መሸሻን አዳራሽ ያያል፡፡ በበዛብህ ጆሮ የዘር ቆጠራውን ይሰማል፡፡ ሰብለ ወንጌልን ይወዳታል፤ ከዚያ አይገባህም ይባላል፡፡ አይገባህም የተባለው አንባቢው ራሱ ነው! አንድ ባላባት በሕይወቱ ሙሉ ይህን ቃል ሰምቶት አያውቅም፡፡ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው መጽሐፍ ውስጥ ነው፡፡ እኔ ሥነ ጽሑፍ ጭንቅላት ይለውጣል ስል ይህንን ነው የማወራው፡፡ ምክር አይደለም፡፡ «ድሃን አትናቅ» የሚል ምክር ከመጽሐፍ ቅዱስ ጀምሮ ሞልቶ ተርፏል፡፡ ማንንም ግን ሲከለክል አላየሁም፡፡

ደግሞ ጉዱ ካሣ አለ፡፡ እውነቱን የሚናገረው፣ ለዚህም ሲባል እብድ የተባለው ጉዱ ካሣ፡፡ ደራሲው ብልህ ባይሆኑ ኖሮ ጉዱ ካሣን አሸናፊ ያደርጉት ነበር፡፡ አላደረጉትም፡፡ ጉዱ ካሣ ተናግሮ ተናግሮ የሚሰማው አላገኘም፡፡ በዛብህም የወደዳትን ሳያገኝ መንገድ ላይ ወንበዴ መትቶት ሞተ፡፡ እሷም መነኮሰች፡፡ ለዚህ ነው አንባቢው መጽሐፉን ዘግቶ እንቅልፍ የማይወስደው፡፡ ደራሲው ቢያሸንፉለት ኖሮ «ተመስገን» ብሎ ይተኛ ነበር፡፡ ስላላሸነፉለት «ለምን?» ብሎ አደረ፡፡ «ለምን?» ብሎ ያደረ ሰው ደግሞ ለገዢ አስቸጋሪ ነው፡፡

ማንበብ የማይችለውስ? እሱም አልቀረበት፡፡ ነፍሱን ይማረውና ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከለት፡፡ አባቴ እንደሚያወራኝ፣ ትረካው በሚቀርብበት ሰዓት ሬዲዮ ያለው ቡና ቤት ግጥም ብሎ ይሞላ ነበር፡፡ ትረካው ሲያልቅም ቶሎ ሒሳብ ከፍሎ የሚነሣ አልነበረም አሉ፡፡ እናቴ ፊታውራሪ መሸሻ የሚባል ሰው በእውነት የነበረ ይመስላታል፡፡ ድምፁን ታውቀዋለችና! አንድ የመንግሥት ሬዲዮ ካድሬ በቀን ሦስት ጊዜ እየጮኸ ያላስተማረውን ፊውዳሊዝም የሚባል ነገር፣ አንድ ተዋናይ አንድ መጽሐፍ ይዞ በሠፈራችን አስተማረው፡፡

እዚህ ላይ «ቆይ እንጂ!» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ፡፡ «ያ የምታሞግሰው የስድሳዎቹ ትውልድ እኮ አንባቢ ነበር፡፡ አንብቦ አንብቦ አይደለም ወይ በቀይ ሽብር የተላለቀው? የት አለ ታዲያ የመጽሐፍህ በረከት?» ጥያቄው ከባድ ነው፡፡ በዘፈቀደ ልመልሰውም አልፈልግም፡፡ የታተመ ወረቀት ሁሉ ሰውን ያቀናል ብዬ ብከራከር ውሸታም እሆናለሁ፡፡

የኔ መልስ ይኸውላችሁ፡፡ ያ ትውልድ የተላለቀው ልብ ወለድ በማንበቡ አይደለም፡፡ ልብ ወለዱን አስቀምጦ በራሪ ወረቀት ብቻ ማንበብ በጀመረበት ሰዓት ነው፡፡ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፡፡ በልብ ወለድ ውስጥ ክፉውም ሰው ይናገራል፡፡ ፊታውራሪ መሸሻ እንኳ ሲያሳዝኑን የምናለቅስላቸው ገጽ አለ፤ ሲያስቁን የምንወድዳቸው ገጽ አለ፡፡ በበራሪ ወረቀት ውስጥ ግን ከሁለት ሰው በቀር የለም፡፡ አንዱ እኔ፣ ሌላው ጠላቴ፡፡ «አናርኪስት»፣ «ባንዳ»፣ «ፀረ ሕዝብ» ተብሎ የተጻፈበት ሰው እናት የለውም፣ የወደዳት ልጅ የለችውም፣ ጫማው አይጠበውም፡፡ ስለዚህ መግደሉ ይቀላል፡፡ ደርግም ኢሕአፓም መኢሶንም ወረቀት አላነሳቸውም ነበር፡፡ ያነሳቸው የሰው መልክ ነው፡፡

ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም፡፡ ያ ትውልድ ራሱ መስክሮልኛል፡፡ የነቢይ መኰንንን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለማያውቁት ልንገር፡፡ ነቢይ በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ነበር፡፡ እዚያ አንዲት የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ እጁ ገባች፤ ማርጋሬት ሚቸል ስለ አሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት የጻፈችው ወፍራም መጽሐፍ፡፡ ለጓደኞቹ በአማርኛ ሊተረጉመው ተነሣ፡፡ ወረቀት ግን ከየት ይምጣ? በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለችው ወረቀት ላይ ጻፈው፡፡ አንዷን ሞልቶ ሌላዋን፣ አንዷን ሞልቶ ሌላዋን… የሚፈቱ እስረኞች እየደበቁ አወጡለት፡፡ በኋላ ተሰብስቦ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ፡፡

እስኪ ይህን ነገር ቆም ብላችሁ አስቡት፡፡ ማዕከላዊ ነው፡፡ ማታ ማን እንደሚጠራ አይታወቅም፡፡ የተጠራው ይመለስ አይመለስ አይታወቅም፡፡ በዚህ ቦታ ሰው ሲጋራውን አጭሶ ፓኮውን ለልብ ወለድ ያስቀምጣል! ስለ ፖለቲካ ከሆነ እነዚያ ልጆች እስኪበቃቸው አንብበው ነበር፡፡ የፈለጉት በሩቅ አገር፣ ቤቷ የተቃጠለባት አንዲት ሴት ነገ ምን እንደምታደርግ ማወቅ ነው፡፡

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ጣል ላድርግ፡፡ ያ የአሜሪካ መጽሐፍ ንጹሕ መጽሐፍ አይደለም፡፡ የተጻፈው ባሪያ ያሳድሩ ከነበሩት ወገን ሆኖ ነው፤ በጥቁሩ ላይ ያለው ዓይን የተንሸዋረረ ነው፡፡ በአገሩ በአሜሪካ እስከ ዛሬ ያወዛግባል፡፡ የማዕከላዊ እስረኞች ግን ከውስጡ የሚፈልጉትን ወሰዱ፡፡ ይህም የሥነ ጽሑፍ አንዱ ጠባይ ነው፡፡ ደራሲው ካሰበው በላይ አንባቢው ያወጣል፡፡ ለዚህ ነው መንግሥታት እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይነበብ፣ እንዲህ ያለ አይነበብ ብለው መመሪያ ሲያወጡ የማይሳካላቸው፡፡ ደርግ የማክሲም ጎርኪን «እናት» በርካሽ አስነበበን፤ አብዮተኛ ሁኑ ብሎ፡፡ ስንቱ አንባቢ ግን ከዚያ መጽሐፍ የወሰደው ልጇ የታሰረባትን እናት ነው! ልጆቻቸው የታሰሩባቸው እናቶች ደግሞ በያኔዋ አዲስ አበባ ሞልተው ነበር፡፡

በዓሉ ግርማን ሳላነሳ ይህ ጽሑፍ ጽሑፍ አይሆንም፡፡ በዓሉ የሥርዓቱ ሰው ነበር፡፡ የአዲስ ዘመን አዘጋጅ፣ በኋላም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ትልቅ ባለሥልጣን፡፡ በ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሲታወጅ ከሌሎቹ ጋር አስመራ ወረደ፡፡ የተላከው ድል እንዲያወራ ነበር፡፡ ያየውን ጻፈ፡፡ «ኦሮማይ» በ1975 በመንግሥቱ ማተሚያ፣ በኩራዝ በኩል ታትሞ ወጣ፡፡ ብዙም ሳይቆይ ከየሱቁ ተለቀመ፡፡ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፡፡ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም፡፡ ቮልስዋገን መኪናው ቃሊቲ መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች፡፡ እሱን ግን ያየ የለም፡፡

ብዙ ሰው ኦሮማይ የታገደው ባለሥልጣናቱን ስላጋለጠ ነው ይላል፡፡ እውነት ነው፤ ሰዎቹ ራሳቸውን በመጽሐፉ ውስጥ አይተዋል፡፡ እኔ ግን ሌላም ምክንያት ይታየኛል፡፡ በዓሉ ወንበዴውን ሰው አደረገው፡፡ በሬዲዮ በቀን አሥር ጊዜ «ገንጣይ፣ ወንበዴ» የተባለውን ወገን ሰው አድርጎ፣ የሚያፈቅርና የሚያለቅስ አድርጎ አመጣው፡፡ ይባስ ብሎ ናቅፋ ተራራ ሥር የሚረግፈውን የራሱን ወታደርም ሰው አደረገው! ለጦር አዛዥ ከዚህ የበለጠ አደገኛ ነገር የለም፡፡ ለገዳዩም ለሟቹም እናት ከተገኘለት ጦርነት እንዴት ይካሄዳል?

አንድ ጎረቤት ነበሩን፤ በሰሜን ግንባር የቆዩ ወታደር፡፡ አንድ እግራቸውን እዚያው ትተው የመጡ፡፡ ኮሌጅ ሳለሁ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛኋትን ኦሮማይ እቤት ሳነብ አዩና ተዋሱኝ፡፡ መጽሐፍ ሲያነቡ አይቼ አላውቅም፡፡ ሳምንት ቆይተው መለሱልኝና ከደጃፋቸው ሆነው «ይሄ ሰውዬ እዚያ ነበር» አሉኝ፡፡ ሌላ አልጨመሩም፡፡ በጡረታ የሚሰጣቸው ብር፣ በየዓመቱ የሚነበብላቸው የሰማዕታት ቀን ንግግር፣ ያ ሁሉ ተደምሮ የዚያን ቀን ፊታቸው ላይ ያየሁትን አላመጣላቸውም፡፡ ለካ አንድ ሰው አይቷቸው ኖሯል! መጽሐፉም ቢሆን አልሞተም፡፡ ከደርግ ውድቀት በኋላ እንደገና ታተመ፤ በ2017 ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደንና ኒው ዮርክ ድረስ ተነበበ፡፡

ታዲያ ዛሬስ? ሳንሱር በጥቅምት 1985 በወጣው የፕሬስ አዋጅ ቀርቷል፡፡ ከዚያ ወዲህ ልብ ወለድን አስቀድሞ የሚያነብ የመንግሥት ሹም የለም፡፡ ጋዜጠኛ መታሰሩ አልቀረም እንጂ ደራሲ ረቂቁን ይዞ ደጅ አይጠናም፡፡ ደስ ሊለን ይገባል፤ ደስም ብሎናል፡፡ ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ሳንሱሩ ያልቻለውን ወረቀት እየቻለው ነው፡፡

ወረቀት ከውጭ ይመጣል፤ በዶላር ነው የሚገዛው፡፡ በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የማተሚያ ቤት ዋጋ ምን እንደሆነ አንድ መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ጠይቁ፡፡ ይህ ጋዜጣ ራሱ እናንተ እጅ የገባው በስንት መከራ እንደሆነ እኛ ነን የምናውቀው፡፡ አንድ ወዳጄ የዕቁብ ብሩን ጨምሮ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ የአጭር ልብ ወለድ መድበል አሳተመ፡፡ አከፋፋዩ የራሱን ቆረጠ፤ መደብሩ የራሱን ቆረጠ፤ ቀሪው አልጋው ሥር ነው፡፡ መኝታ ቤቱ የወረቀት ሽታ ይሸታል፡፡ ሚስቱ ይህን ነገር አውጣልኝ እያለች ነው፤ እኔም ባለፈው ሃያ ቅጂ ተሸክሜ ለወዳጆቼ አዞርኩለት፡፡ የተሸጠው ስድስት ነው፡፡ ሌሎቹ «በቴሌግራም ፒዲኤፍ የለውም?» አሉኝ፡፡ ወገኖቼ ሌባ ስለሆኑ አይደለም፡፡ የአንድ መጽሐፍ ዋጋና የአንድ ሊትር ዘይት ዋጋ ጎን ለጎን ሲቆም መጽሐፉ ይሸነፋል፡፡ ልጅ ያለው ሰው ዘይቱን ቢገዛ አልፈርድበትም፡፡ የምፈርደው ሁለቱን እኩል የቅንጦት ዕቃ ባደረገው ላይ ነው፡፡

ከመጽሐፍ ቤት ግቡ ደግሞ፡፡ ፊት ለፊት የተደረደረው ምንድን ነው? «የስኬት ምስጢር»፣ «በአንድ ወር ሀብታም ሁን»፣ «አእምሮህን አሸንፍ»… አንዱን ገለጥ ገለጥ አድርጌ አይቼው ነበር፡፡ ሥራ ያጣኸው ቀና ስለማታስብ ነው ይላል፡፡ ወይ ጉድ! ሀዲስ ዓለማየሁ ድሃው ለምን ደሃ እንደሆነ ያሳዩት ፊታውራሪውን እያሳዩት ነበር፡፡ የዛሬው መካሪ ግን ለድሃው መስተዋት ይሰጠዋል፡፡ ከዚህ የበለጠ ለገዢ የሚመች መጽሐፍ ምን አለ? ሳንሱር ቢኖር ኖሮ በሁለት እጁ ያሳልፈው ነበር፡፡

ተማሪ ቤቱን አላነሳም ብዬ ነበር፤ ግን አልቻልኩም፡፡ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ተብሎ በሚኒስትሩ ተነገረን፡፡ ሁሉም ኩረጃውን አወራ፤ ሁሉም መምህሩን ወቀሰ፡፡ እኔ የማውቃቸው ልጆች ግን ፈተናው ላይ የወደቁት ጥያቄውን አንብበው መጨረስ አቅቷቸው ነው፡፡ አሥራ ሁለት ዓመት ተማሪ ቤት ተመላልሶ አንድም ልብ ወለድ ከዳር እስከ ዳር ያላነበበ ልጅ ረጅም አንቀጽ ሲያይ ተራራ የተጋረጠበት ይመስለዋል፡፡ ይህን ለማከም ኮሚቴ አያስፈልግም፤ ልጁን የሚያጓጓ አንድ መጽሐፍ ነው የሚያስፈልገው፡፡ በታኅሣሥ 2014 አራት ኪሎ ላይ አብርሆት የሚባል ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ተመርቋል፡፡ ጥሩ ነው፤ ያማረ ሕንፃ ነው፤ ከውስጡ ተቀምጬ አንብቤበታለሁ፡፡ ግን ያ ሕንፃ ያለው አራት ኪሎ ነው፡፡ የወረዳው ተማሪ ቤት «ላይብረሪ» የሚል የተለጠፈበት ክፍል ውስጥ የተሰበረ ወንበር ተከምሯል፡፡ ከአራት ኪሎው ሕንፃ ገንዘብ ጥቂቱ እንኳ ለየወረዳው አንድ አንድ ካርቶን ልብ ወለድ ይገዛ ነበር፡፡ ካርቶን መጽሐፍ ግን ሪባን አይቆረጥለትም፡፡

ይህ ሁሉ የኑሮ ቅሬታ ብቻ ቢሆን አላነሳውም ነበር፤ ኑሮ ያልተወደደበት ነገር የለምና፡፡ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፡፡ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በሰሜን የተደረገውን ጦርነት አስታውሱ፡፡ እኛ ምን አነበብን? የፌስቡክ ጽሑፍ አነበብን፡፡ ሁሉም በየጎራው የራሱን በራሪ ወረቀት በስልኩ ይዞ ዞረ፡፡ እንደ ስድሳዎቹ ሁሉ ሁለት ሰው ብቻ ነበር ያለው፤ እኔና ጠላቴ፡፡ ስንት የተማረ ሰው፣ ስንት አብሮኝ የተማረ ልጅ፣ ስለ ወንድሙ እልቂት እልል ብሎ ሲጽፍ አነበብኩ! መቀሌ ያለችው እናትና ደሴ ያለችው እናት አንድ ዓይነት እንጀራ ጋግረው፣ አንድ ዓይነት ልጅ ሸኝተው፣ አንዷ የሌላዋን ቤት ገብታ ልታይ የምትችልበት አንድ መጽሐፍ በጊዜው እጃችን ላይ አልነበረም፡፡ ጦርነቱን ልብ ወለድ ያስቀረው ነበር አልልም፤ ኦሮማይም የናቅፋን ጦርነት አላስቆመም፡፡ ነገር ግን እልልታውን ይቀንሰው ነበር፡፡ አንድ ጊዜ ሰውዬውን ሆነህ ካደርክ በሞቱ እልል ማለት ይከብድሃል፡፡ ከዚያ ወዲህም በአማራም በኦሮሚያም ደም መፍሰሱ አልቀረም፤ እኛም ያው ስልካችን ላይ ነን፡፡

«ታዲያ ምን ይደረግ?» የሚለኝ ቢኖር የምጠይቀው ሰማይ ምድሩን አይደለም፡፡ ለመጽሐፍ የሚገባ ወረቀት ከቀረጥ ነፃ ይሁን፡፡ ለስንቱ ባለሀብት መኪና ከቀረጥ ነፃ ሲገባ አይተን የለ! ወጋየሁ ያደረገውን ዛሬም ማድረግ ይቻላል፤ በሸገር ሬዲዮና በዩቲዩብ የሚተርኩ ወጣቶች እንዳሳዩን ሰው ጆሮው ገና አልደነቆረም፡፡ የመንግሥት ሬዲዮዎች በየቋንቋቸው በቀን ግማሽ ሰዓት፣ ከመግለጫው ላይ ቀንሰው፣ ልብ ወለድ ያስተርኩ፡፡ የትግርኛው በአማርኛ፣ የኦሮምኛው በሶማልኛ፣ የአማርኛው በትግርኛ ይተረጎም፡፡ ገንዘቡ የሚኒስትሮች ስብሰባ ውሎ አበል አይሞላም፡፡ ያደርጉታል? እጠራጠራለሁ፡፡ ከላይ እንዳልኩት የሥነ ጽሑፍን ጉልበት ስለማያውቁ አይደለም የማያደርጉት፡፡

ማወቃቸውን ከተጠራጠራችሁ አንድ የመጨረሻ ማስረጃ ልስጣችሁ፡፡ የደርግ ትልልቅ ሰዎች ከሥልጣን ሲወርዱ፣ ታስረው ሲፈቱ፣ ተሰደው ሲቀመጡ ምን ሠሩ? መጽሐፍ ጻፉ! ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሐራሬ ሆነው «ትግላችን»ን ጻፉ፡፡ ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»ን፣ ፍሥሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ»ን ጻፉ፡፡ ጠመንጃው፣ ታንኩ፣ ካድሬው ሁሉ ካለፈ በኋላ ስማቸውን ለማዳን የቀራቸው መሣሪያ ያ በዓሉ ግርማ ይዞት የነበረው መሆኑ ገባቸው፡፡ መጻፋቸውን አልቃወምም፤ እንዲያውም ገዝቼ አንብቤያቸዋለሁ፡፡ ከዚያ ዘመን ሰዎች መሃል በሕይወት ያሉ፣ አንዳንድ ማታ የሠሩትን የሚያውቁ፣ ቤታቸው ተቀምጠው ቡና የሚጠጡ አሉ፡፡ ወረቀት ቢወደድም ለአንዲት ገጽ አያንስም፡፡ በየካቲት 1976 በዓሉን ማን እንደወሰደው፣ የት እንደተቀበረ ይጻፉልን፡፡ ልጆቹና አንባቢዎቹ እየጠበቅን ነው፡፡